መኪናዋ ዝቅ ስትል… ስፖርት ወይስ ጌጥ?

የሰርግ ሰሞን እሁድ ከሰዓት ሀዋሳ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ነገር አለ። ሙሽሮች ውሃውን ከጀርባ አድርገው ፎቶ ይነሳሉ፣ አጃቢ መኪኖች በአበባ አጊጠው ይደረደራሉ፣ ባጃጆች በመሃል ይሽሎከለካሉ። ታዲያ ከአጃቢዎቹ መሃል ሆዷ አስፋልት ሊነካ የደረሰ አንዲት አሮጌ ኮሮላ ከመጣች የልጆቹ ዓይን ከሙሽሪት ተነስቶ እሷ ላይ ያርፋል። ቸርኬዋ ያብለጨልጫል፣ ማርሚታዋ ያጓራል። ሚዜዎቹን ጭና የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ ስትደርስ ግን… ኳ! ሆዷ ተፋቀ። የዛሬው ወጋችንም እዚህ ጋ ይጀምራል።

በአገራችን አብዛኛው ባለመኪና የሚመኘው ተቃራኒውን ነው። ጉድጓዱና ኮረኮንቹ ስለሚያስቸግር ቪትዝና ያሪስ ሳይቀሩ ከፍ እንዲሉ ይደረጋሉ። ሀዋሳ ግን ለጥ ያለች፣ መንገዷም ሰፊና ቀጥ ያለ ከተማ ናት፤ መኪና ዝቅ ለማድረግ ትጋብዛለች። በዚህ ላይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ አሮጌዋን ይዞ ማስዋብ የግድ የሆነበት ሰው ብዙ ነው።

ዝቅ ማድረጉ መነሻው ውድድር ነው። ማራዶናን አስታውሱት፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ነበር። ክብደቱ ወደ መሬት የቀረበ ስለሆነ ሲታጠፍ ተከላካዩ ይወድቃል እንጂ እሱ አይወድቅም። መኪናም እንዲሁ ናት። ክብደቷ ወደ መሬት ሲቀርብ ኩርባ ላይ ወደ ጎን የምታጋድለው ይቀንሳል፣ አራቱም ጎማ መሬቱን ይይዛል። ለዚህ ተብለው የሚሰሩ አጠር ያሉና ጠንከር ያሉ ሞላዎች አሉ። ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሰረተው አይባህ በዚህ ስራ ስሙ የታወቀ ነው። ለመንገድ መኪና የተለመደው ልክ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ነው።

አንዳንዱ ግን “በጣም ዝቅ ካለች በጣም ትይዛለች” ብሎ ያስባል። ስህተት ነው! በብዙ ሴዳኖች የፊት እግር ላይ መኪናዋ ከልክ በላይ ስትወርድ ጎማውን የሚይዘው የታችኛው ክንድ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ ያኔ ኩርባ ላይ ከበፊቱ ይልቅ ልታጋድል ትችላለች። ጎማውም ስለሚንጋደድ የውስጥ ጠርዙ ብቻ ተበልቶ ያልቃል። ስለዚህ ሞላ የቀየረ ሰው አላይመንት ሳያስተካክል ከጋራዥ መውጣት የለበትም።

የሚያሳዝነው አቋራጩ መንገድ ነው። አዲስ ሞላ ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። እናም ነባሩ ሞላ በግራይንደር ይቆረጣል፤ ይባስ ብሎም በእሳት ተግሎ እንዲሟሽሽ ይደረጋል። የተቆረጠ ሞላ ጫፉ በመቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም፤ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲንጠለጠል ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት የነደደው ደግሞ ብረቱ የነበረውን ጥንካሬ ስለሚያጣ እየወረደ ይሄዳል፣ ሊሰበርም ይችላል። ነባሩ ሾክ ለረጅም ሞላ የተሰራ ነውና ቦታ አጥቶ ይደበደባል። ይሄ ሁሉ በከተማ ውስጥ በ30 ሲነዱ ላይታወቅ ይችላል። ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ 100 ላይ ሲታወቅ ግን ዋጋ የሚከፍለው ሹፌሩ ብቻ አይደለም፤ ባጃጁም እግረኛውም አለ።

የካሊፎርኒያ ልጆች ዘዴ ነበራቸው። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ከቸርኬ ጠርዝ በታች የወረደ መኪና ስትከለክል ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት በ1959 ሃይድሮሊክ ገጠመ። ፖሊስ ሲመጣ ከፍ፣ ሲሄድ ዝቅ! ክልከላው የተነሳው በ2024 መግቢያ ነው። የኛ ልጅ ግን ሞላውን አንዴ ከቆረጠ መልሶ ከፍ ማድረጊያ የለውም።

ጌጡም ልክ አለው። ትልቅ ቸርኬ ከስስ ጎማ ጋር ያምራል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ይጣመማል፣ መሪ ሲዞርም ፓራፋንጎ ይፍቃል። ዝቅ ያለች መኪና የፊት መብራቷም እንደገና መስተካከል አለበት። ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ እንዳለም አይዘንጋ።

እናም ወንድሜ፣ ዝቅ ማድረግህ ካልቀረ ተገቢውን ሞላ ከሚመጥነው ሾክ ጋር አስገጥም። ከዚያ ጓደኞችህን ጫንና መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጫፍ አዙረው፤ ቀስ ብለህም ጉብታ ተሻገር። ካልፈቀፈቀ ጥሩ። ከፈቀፈቀ ግን ሙሽራ ለመጫን አትቸኩል!