በሽታን ስለ መለየት የሚያገለግሉ ሦስት ቃላት፦ «ምርመራ»፣ «ምች» እና «ግፊት»

በጤና ጣቢያዎቻችን የጎልማሶችን የተለመዱ ሕመሞች መርምሮ መድኃኒት የሚያዘው በአብዛኛው ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው። የጤና መኮንንነት ሙያ በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጋር የተወለደ ሲሆን፣ ሕዝቡ ግን ባለሙያውን ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ነርስን «አስታማሚ» ብሎ መተርጎምም አይስማማም፤ አስታማሚ ከበሽተኛው ጋር የሚያድር ዘመድ ነውና።

በዳንግላ አካባቢ አንዱ ታማሚ አማርኛ፣ ሌላው አውንጊ ይናገራል። ነርሱ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክሊኒካዊ መመሪያም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከበሽታ ስም ሳይሆን ከሳል፣ ከትኩሳት፣ ከራስ ምታት ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ታማሚው ከሚናገረው ቃል ነው፤ አውንጊ ተናጋሪው በአስተርጓሚ ሲጠየቅ ደግሞ ቃሉ ሁለት ጊዜ ይሻገራል።

«ምርመራ» ዛሬ ሦስት ፅንሰ ሐሳቦችን ተሸክሟል፤ ይኸውም በእጅና በጆሮ መፈተሽን፣ የላቦራቶሪ ፍተሻንና በሽታው ምን እንደሆነ መወሰንን ነው። የመጨረሻው የግሪክኛ ምንጩ «ለይቶ ማወቅ» ማለት ነው። «ልየታ» ይስማማው ነበር፤ ሆኖም ቃሉ ሕመም ሳይሰማቸው ለሚፈተሹ ሰዎች ተወስዷል። እንግዲህ ድርጊቱን «በሽታን መለየት»፣ ውጤቱን «የምርመራ ድምዳሜ» ማለት የሚሻል ይመስለናል።

«ምች» ከዚህ ይበልጥ ያሳስባል። ቃሉ ከ«መታ» ጋር የሚዛመድ ይመስላል፤ «ምች መታኝ» እንዲሉ። በሕዝቡ ዘንድ ከፀሐይ የሚመጣ፣ ከንፈርን የሚያቆስል ትኩሳት ሲሆን፣ መድኃኒቱም የዳማከሴ ቅጠል ነው። የሕክምና አማርኛ ይህንኑ ቃል ወስዶ «የሳንባ ምች» የሚል ስያሜ ፈጠረ። ነርሱ አሳጥሮ «ምች ነው» ያለው ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ ዳማከሴ ቢጨምቅ ማን ይፈርድበታል? በሽታው ግን በአብዛኛው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚሻ የሳንባ ኢንፌክሽን ነው፤ ጎልማሳው በደቂቃ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ ከሆነም ወደ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል። «የሳንባ ብግነት» ፅንሰ ሐሳቡን በተሻለ ይገልጽ ነበር፤ ነገር ግን የተለመደውን መንቀል ቀላል አይደለም። ቢያንስ ስያሜው አይጠር፤ በመዝገበ ቃላትም ከ«ምች» ሥር ሳይሆን ለብቻው ይቁም።

«ጨጓራ አለብኝ» የአካልን ስም ለበሽታ መስጠት ነው። ጨጓራ የሌለው ሰው የለምና ያስቃል፤ ይሁን እንጂ የልብ ሕመም በዚያው ቦታ ሊሰማ ስለሚችል፣ ነርሱ ቃሉን እንደ ድምዳሜ ሳይሆን እንደ ቦታ መጠቆሚያ ቢቀበለው ይበጃል።

«የደም ግፊት» የሚለካው መጠንም የበሽታውም ስም ሆኗል። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው «ከፍተኛ የደም ግፊት» ቢባል ልዩነቱ ይጠበቃል። አንድ ሽማግሌ መድኃኒቱን እየዋጡ መጥተው ልኬታቸው 130/80 ቢሆንና «ዛሬ ግፊት የለብዎትም» ቢባሉ፣ ድኛለሁ ብለው ያቋርጣሉ፤ ያልታከመው ግፊትም አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል። ነርሱ ሊላቸው የሚገባው «አባባ፣ ልኬትዎ ወርዷል፤ ያወረደው መድኃኒቱ ስለሆነ አያቋርጡ» የሚለውን ነው። ተርጓሚዎችም ሁለቱን ፍች በሁለት ስያሜ ለይተው ቢጽፉ፣ ነርሱ የሚናገረው ቃል በእጁ ይኖረዋል።