የውጭ ታዛቢና የአገር ውስጥ ምስክር

ዓለም አቀፍ የምርጫ ታዛቢዎች በአገር ውስጥ ፖለቲካ ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በመጨረሻ ሪፖርታቸው ነው። የኢትዮጵያ ልምድ ግን ሌላም መለኪያ እንደሚያሻ ያሳያል፤ ይኸውም የአገር ውስጥ ታዛቢው ያለው ቦታ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ መንግሥት የአውሮፓ ኅብረትንና የካርተር ማዕከልን ሲጋብዝ፣ ምርጫ ቦርድ የአገር ውስጥ ድርጅቶችን ከታዛቢነት አገደ። ድርጅቶቹ በፍርድ ቤት ቢረቱም፣ ውሳኔው የጸናው ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በመሆኑ በስፋት መሰማራት አልቻሉም። ውጤቱ ባወዛገበ ጊዜ ጎልቶ የተሰማው የውጭው ምስክርነት ሆነ። መንግሥትም የኅብረቱን ልዑክ መሪ አና ጎሜዝን በወገንተኝነት ከሰሰ፤ ክርክሩም በከፊል ከቆጠራው ወደ ሉዓላዊነት ዞረ። ቆይቶ የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳዮች እንዳይሠሩ ከለከለ፤ የተሻረውም በ2011 ዓ.ም. ነው።

በ2013 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት የታዛቢ ልዑኩን ሲሰርዝ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ምርጫውን ታዝበዋል። እንደ ወግዲ ባሉ የገጠር ወረዳዎች የውጭ ልዑክ በየምርጫ ጣቢያው ሊገኝ አይችልም፤ ከመራጮች ምዝገባ እስከ ቆጠራ ሊቆይ የሚችለው የአካባቢው ሰው ነው። ስለዚህ የውጭ ታዛቢ ዘላቂ ፋይዳ የሚለካው፣ እርሱ ከሄደ በኋላ ይህ ሰው ያየውን ያለ ፍርሃት መመስከር በመቻሉ ነው።