ስለ ጡት ኦፕራሲዮንና ስለ ጫፉ ስሜት

የድሬዳዋ ሙቀት ከመኝታ ክፍል አስወጥቶን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ አንዲት እኅታችን የዘመዷን ነገር አነሣችብን። ዘመዷ ዐረብ አገር ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ጡቷን በኦፕራሲዮን አስተልቃ መጥታለች። ሰው ሁሉ «አማረብሽ» ሲላት ይውላል፤ እርሷ ግን እኅታችንን ለብቻዋ ጠርታ፣ «ጫፉን ስነካው የሌላ ሰው ገላ ይመስለኛል። እንዲህ ሆኖ ይቀራል? ነገ ልጅ ብወልድስ አጠባለሁ?» ብላ ጠየቀቻት። ከመካከላችን የሳቀ ነበረ፤ አፍሮ የተነሣም ነበረ፤ መልስ የሰጠ ግን አልተገኘም። ስለዚህ ከሕክምና መጻሕፍት ፈልገን ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

በሲሊኮን ከረጢት ጡትን የማስተለቅ ሥራ የተጀመረው በ1962 እ. ኤ. አ. በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ ነው። ሐኪሞቹ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮው ይባላሉ። የመጀመሪያይቱ ሴት ቲሚ ጂን ሊንድሴ ወደ ሆስፒታል የሄደችው በጡቷ ላይ የነበረውን ንቅሳት ለማስፋቅ እንጂ ጡት ፍለጋ አልነበረም። ሐኪሞቹ ሐሳቡን ሲያቀርቡላት የእርሷ ምኞት የጆሮዎቿ መስተካከል ነበርና ያንንም አብረው ሠርተውላታል።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የጡት ጫፍ ስሜት በአብዛኛው የሚመጣው በአራተኛው የጎድን አጥንት ሥር ከሚያልፈው ነርቭ ሲሆን ከሦስተኛውና ከአምስተኛውም እርዳታ ያገኛል። የዚህ ነርቭ ዋና ቅርንጫፍ ከብብት በታች በጎን በኩል ብቅ ይልና ከጡቱ ሥር በደረት ጡንቻ ላይ ተጉዞ ወደ ጫፉ ከኋላው ይገባል። ሐኪሙ ከረጢቱን ለማስቀመጥ ከጡቱ ሥር ኪስ ያበጃል። ኪሱ ወደ ጎን በሰፋ ቍጥር ነርቩ ብቅ ወደሚልበት ቦታ ይጠጋል። ከረጢቱ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ነርቩ ባይቆረጥም እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል። ስለዚህ «ትልቁን አድርግልኝ» ማለት የዓይን ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ከሴት ሴት ይለያያል፤ እንዲያውም በአንዲቱ ሴት ግራና ቀኝ ጡት እንኳ ይለያያል። የአንዷ ይደነዝዛል፤ ሌላዋ ተቃራኒው ገጥሟት ቀሚሷ ሲነካት ያማታል። የተወጠረ ወይም የተጨፈለቀ ነርቭ ብዙ ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያገግማል። የተበጠሰ ነርቭ ግን እንደገና ማደግ አለበት፤ እድገቱም በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። ዐሥር ሴንቲሜትር ለመጓዝ ከሦስት ወር በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው። በዝግታው ስናማው የኖርነው የድሮው የጅቡቲ ባቡር ምስጋና ይግባው! በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚሰማው መንዘርና ማሳከክ፣ መርፌ የሚወጋ የሚመስለውም ነገር፣ ብዙ ጊዜ የማገገም ምልክት ነው። ለውጡ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ሊቀጥል ይችላል። ከዚያ ወዲያ የቆየ ድንዛዜ ግን ቋሚ የመሆኑ ነገር ያመዝናል።

«ስሜት ቢጠፋ ምን ይጎዳል?» ያለ ወንድም ነበረ። ለዚህ መልስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሐረር በስተምሥራቅ ባለችው በቢሲዲሞ፣ በ1950ዎቹ እ. ኤ. አ. መጨረሻ ገደማ በጀርመኖች እርዳታ ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች የሕክምና መንደር ተቋቁሟል። ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሕመምተኛው የጋለ ድስት ሲይዝ እጁ መቃጠሉን የሚያውቀው በዓይኑ አይቶ ነው። የደነዘዘ ጡትም እንዲሁ ነው፤ ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ ቢያስቀምጡበት ሳይሰማ ይቃጠላል። ሐኪሞች የእጅና የእግርን ድንዛዜ ለመለካት በቆዳ ላይ የሚጫኑት ቀጭን የናይሎን ክር አለ፤ ክሩ እስኪታጠፍ ተጭነው ተሰማ ወይስ አልተሰማም ብለው ይጠይቃሉ። የጡት ጫፍ ስሜትም በዚሁ ክር ይለካል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የወተቱ ነገር ነው። በአገራችን ውለታ ቢስ የሆነውን ሰው «ጡት ነካሽ» እንለዋለን፤ ወተቱ የሚመጣው ግን እናቲቱ የሕፃኑ ጡት መሳብ ሲሰማት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሕፃኑ ሲጠባ ስሜቱ በነርቩ አድርጎ ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ከአንጎል ሥር ያለችው ዕጢም ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ትለቃለች። ፕሮላክቲን የተባለው ወተቱን ያሠራል፤ ኦክሲቶሲን የተባለው ደግሞ ጨምቆ ያወጣዋል። ነርቩ ከተጎዳ መልእክቱ ይደክማል። ከረጢት ያላቸው ብዙ ሴቶች ልጆቻቸውን አጥብተዋልና ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር የለም፤ ነገር ግን ወተት ያነሳቸውም አሉ። በተለይ በጫፉ ዙሪያ ባለው ጥቁር ክብ ጠርዝ ላይ መቅደድ የወተቱን ቧንቧዎችና ነርቦቹን ሊነካ ስለሚችል፣ ገና ልትወልድ የምታስብ ሴት ከጡቱ ሥር ባለው እጥፋት በኩል ይሠራልኝ እንደሆነ ሐኪሟን ብትጠይቅ መልካም ነው።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2021 እ. ኤ. አ. ባዘዘው ማስጠንቀቂያ ላይ እንደተጻፈው፣ እነዚህ ከረጢቶች የዕድሜ ልክ ዕቃዎች አይደሉም። ዛሬ በ20 ዓመቷ ያስገባች ሴት ኋላ ለመለወጥ ወይም ለማስወጣት እንደገና ቢላዋ ሊያስፈልጋት ይችላል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ነርቡ እንደገና ለጉዳት ይጋለጣል።

የእኅታችን ዘመድ ኦፕራሲዮኑን ካደረገች ገና አምስተኛ ወሯ ነው። ያገኘነውን ስንነግራት መጀመሪያ የጠየቀችው፣ በሌሊት አልፎ አልፎ በግራ በኩል ስለሚነዝራት ነገር ነበር። ሐኪም ዘንድ ቀርባ እንድትታይና የሚሰማትን በየወሩ በደብተር እንድትጽፍ መክረናታል። በቀኝ በኩል ግን እስካሁን ምንም አይሰማትም።