የደም መጣጩ ፍቅር፦ «ትዋይላይት» ፊልም ወጣቶችን የሚማርከው በምንድን ነው? የሚስተውስ የት ላይ ነው?

ከዓመታት በፊት በወላይታ ሶዶም ሆነ በቦዲቲና በአረካ የውጭ ፊልም ማየት የፈለገ ሰው ወደ ቪዲዮ ቤት መሄድ ነበረበት። ዛሬ ፊልም በሚሞሪ ካርድና በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። በዚህም ምክንያት ልጆች ምን እንደሚመለከቱ ወላጆች ሳያውቁ የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ለታዳጊዎች ተብለው ከተሠሩ የፍቅር ፊልሞች መካከል በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት አንዱ «ትዋይላይት» ነው። ስሙ በአማርኛ «ድንግዝግዝታ» እንደማለት ነው።

ፊልሙ በአንዲት ልጃገረድና በአንድ ደም መጣጭ መካከል ስለተፈጠረ ፍቅር ይተርካል። ይህን ሲሰማ አንዱ ወላጅ ይደነግጣል፣ ሌላው ስቆ ያልፈዋል። ነገር ግን ፊልሙ የሚያነሣቸው ጉዳዮች ከእኛ ኑሮ የራቁ አይደሉም።

ታሪኩ በአጭሩ

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው የአሜሪካዊቷ ደራሲ ስቴፈኒ ሜየር ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 ለእይታ በቅቷል። ያዘጋጀችው ካትሪን ሃርድዊክ ናት። ዋና ተዋንያኑ ክሪስተን ስቱዋርትና ሮበርት ፓቲንሰን ናቸው። ወደ 37 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በመላው ዓለም ከወጪው አሥር እጥፍ በላይ ገቢ አስገኝቷል። እስከ 2012 ድረስም አራት ተከታታይ ክፍሎች ወጥተውለታል።

ቤላ የ17 ዓመት ተማሪ ናት። እናቷ ሌላ ባል በማግባቷ፣ ከሞቃታማው የአሪዞና ግዛት ተነሥታ አባቷ የፖሊስ አዛዥ ሆኖ ወደሚሠራባት ፎርክስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ትሄዳለች። ፎርክስ ዝናብና ጉም የማይለያት፣ በደን የተከበበች ከተማ ናት። በክረምት የዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ያየ የሶዶ ነዋሪ የፎርክስ መልክ እንግዳ አይሆንበትም።

በዚያ ኤድዋርድ ከተባለ ዝምተኛ ተማሪ ጋር ትተዋወቃለች። ኤድዋርድ መልኩ የ17 ዓመት ወጣት ነው፤ ዕድሜው ግን ከ100 ዓመት በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ባዳረሰው የጉንፋን ወረርሽኝ ሊሞት ሲል አንድ ሐኪም ወደ ደም መጣጭነት ለውጦታል። ይህ ወረርሽኝ በአገራችን «የኅዳር በሽታ» በመባል የሚታወቀው፣ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የጨረሰው መቅሠፍት ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማጠን ልማድም የሚያያዘው ከዚሁ ጋር ነው።

ፊልሙ የተሳካለት በምንድን ነው?

በአውሮፓ ተረት ቫምፓየር ማለት ሞቶ ያልሞተ፣ ሌሊት እየወጣ የሰው ደም የሚመጥ ፍጡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የታተመው የብራም ስቶከር «ድራኩላ» የተባለው ልብ ወለድ ይህን ፍጡር በዓለም አሳውቆታል። «ትዋይላይት» ግን አስፈሪውን ፍጡር ራሱን ለመግታት የሚታገል ወጣት አድርጎ አቅርቦታል። ኤድዋርድና ቤተሰቡ የሰው ደም ላለመጠጣት ወስነው በእንስሳት ደም ይኖራሉ። ኤድዋርድ ቤላን ይወዳታል፤ በቀረባት ቁጥር ግን ሊገድላት ይችላል።

የፊልሙ ኃይል ያለው በዚህ መከልከል ውስጥ ነው። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ቤላ በማራገቢያው ፊት ስታልፍ ነፋሱ ጠረኗን ወደ ኤድዋርድ ያደርሰዋል። እርሱም አፍንጫውን ይሸፍናል። ቤላ የጠላት ይመስላታል። ልቡ የወደደውን ሰው ፊት አይቶ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ያለ ታዳጊ ሁሉ ይህን ትዕይንት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አዘጋጇ ከዚህ በፊት «ሠርቲን» በተባለው የ2003 ፊልሟ የታዳጊዎችን ሕይወት አሳይታ ነበርና ዕድሜውን ታውቀዋለች። ቤላ በየደረሰችበት የምትደናቀፍ፣ ንግግር የማታበዛ ተራ ልጅ ናት። ታሪኩን የምናየው በእርሷ ዓይን ነው። ቀዝቃዛው ሰማያዊ የምስል ቀለምም የከተማዋን ብርድና የልጅቷን ብቸኝነት አንድ ያደርጋቸዋል።

ድክመቱስ?

ኤድዋርድ በደን ውስጥ ሲሮጥና ዛፍ ሲወጣ የሚያሳዩት የተንኮል ምስሎች ዛሬ ሲታዩ ያስቃሉ። ፀሐይ ሲያርፍበት ገላው እንደ አልማዝ የሚያብረቀርቅበት ትዕይንትም ለብዙዎች መቀለጃ ሆኗል። ንግግሩ በየቦታው የተጋነነ ነው። ቤላን ሊገድል የሚያሳድዳት ጄምስ የተባለው ደም መጣጭ ከእርሷ ጋር የሚገናኘው ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ፍልሚያ ተቻኩሎ የመጣ ይመስላል።

ከባዱ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ኤድዋርድ ሳይፈቀድለት ሌሊት ወደ ቤላ መኝታ ክፍል እየገባ ስትተኛ ይመለከታታል። ፊልሙም ይህን እንደ ፍቅር መግለጫ ያሳየዋል። ልጃገረዶች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ የሚከተሏቸው ወንዶች ባሉበት፣ ጠለፋም በሕግ የተከለከለ ወንጀል ሆኖ ሳለ ሙሉ በሙሉ ባልጠፋበት አገር፣ ይህ ትዕይንት እንደ ቀልድ ሊታለፍ አይገባም። ሳይፈቀድ መከታተል ጥቃት ነው። የሚከታተለው መልከ መልካም በመሆኑ ስሙ አይለወጥም።

ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በአገራችን ደም መጣጭ የሚባል ተረት እምብዛም አይሰማም። ቅርብ የሚሆነው የቡዳ እምነት ነው። በሰሜንና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ቡዳ በዓይኑ ሰው «ይበላል»፣ ሌሊትም ጅብ ይሆናል ሲባል ኖሯል። ይህ ስም ብዙ ጊዜ የተለጠፈው በብረት ቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋና በቆዳ ፋቂው ላይ ነው። በወላይታም እነዚህ የእጅ ሙያተኞች ከአራሹ ማኅበረሰብ ጋር እንዳይጋቡ የሚከለክል ልማድ ለረጅም ዘመን ኖሯል።

በፊልሙ የኤድዋርድ ቤተሰብ ከከተማ ወጣ ብሎ ይኖራል። ተማሪዎች በሩቁ ያዩአቸዋል፣ ያሟቸዋል፣ አይቀርቧቸውም። በዘር ወይም በሙያ ምክንያት «ከእነርሱ ጋር አትጋቢ» ተብላ ያለቀሰች ልጅ ይህን ስታይ የራሷን ታሪክ ያየች ሊመስላት ይችላል።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ኤድዋርድ በእርግጥ አደገኛ ነው፤ ቤላ ግን አትፈራውም። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሙያተኛው ምንም አደጋ የለውም፤ ሰው ግን ይርቀዋል። አንጥረኛው ባበጀው ማረሻ እያረሰ፣ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት እየበላ ልጇን ለልጁ የሚነፍግ ቤተሰብ የሚፈራው ያልነበረና የሌለ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ለጋብቻ ዕድሜ የደረሱ ወንዶችና ሴቶች በዘር፣ በብሔር፣ በብሔረሰብ ወይም በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው የመጋባት መብት እንዳላቸው፣ ጋብቻም በሁለቱ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋል።

ወላጆች ምን ቢያደርጉ ይበጃል?

ፊልሙን መከልከል የሚያዋጣ አይመስልም፤ ስልኩ በልጁ እጅ ነው። ይልቅ አብሮ አይቶ መጠየቅ ይሻላል። ኤድዋርድ ቤላን ሳያስፈቅድ መከታተሉ ተገቢ ነበር? ቤላ በመጨረሻ እንደ እርሱ ለመሆን ብላ ሕይወቷን ሁሉ ለመተው ስትለምነው፣ እርሱ እምቢ ማለቱ ለምንድን ነው? እኛስ ሳናውቃቸው የምንርቃቸው እነማን ናቸው?

የመጨረሻው ጥያቄ ለልጆች ብቻ የሚተው አይደለም። መልሱን አስቀድሞ መስጠት ያለበት በቤቱ ውስጥ ማን ከማን ጋር ይጋባ የሚለውን የሚወስነው አባት፣ እናትና ሽማግሌ ነው።