«ኖ ሲግናል» ሲላችሁ ዲሹን ለማዞር አትቸኩሉ

ክረምት ገብቶ አንድ ሁለት ዶፍ ከጣለ በኋላ በየቤቱ የምትሰማ ነገር አለች፦ «እስቲ ጣሪያ ላይ ውጣና ዲሹን ነካ ነካ አድርገው»።

እኔም አንዴ ወጣሁ፣ ነካ ነካ አደረግኩት። ስወጣ የጠፋው ግማሹ ቻናል ነበር፣ ስወርድ ሁሉም ጠፍቷል። ዲሽ ሰሪ ተጠራ፣ እኔ ያበላሸሁትን አስተካክሎ ሒሳቡን ተቀበለ። ዋናው ችግር ግን ዲሹ ጋር አልነበረም። የገመዱ ጫፍ ላይ ያለችው ኮኔክተር ውሃ ገብቶባት ዝጋ ነበር። ተቀየረች፣ አለቀ።

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ሪሞቱን አንሱ። ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ቻናል መፈለጊያው ገጽ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ ስትሬንዝ ወይም ኢንቴንሲቲ፣ ሌላው ኳሊቲ ይላል። በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው፣ በኋላ ለማወዳደር ይጠቅማችኋል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በስትሬንዝ ነው። እሱ የሚነግራችሁ በዋናነት ዲሹ ፊት ያለችው ኤልኤንቢ ኃይል አግኝታ እየሠራች መሆኑን ነው። ዲሹ ወደ ግድግዳ ቢዞር እንኳ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ትክክለኛው ሳተላይት መያዙን የሚያሳየው ኳሊቲ ነው።

ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ዲሹን እርሱት። ሪሲቨሩ በገመዱ በኩል ለኤልኤንቢዋ 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፤ ያ ኃይል እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ገመዱ ተቆርጧል፣ ኮኔክተሩ ለቋል፣ ሁለት ዲሽ ያላችሁ ከሆነ መሃል ያለችው ስዊች ሞታለች፣ ወይም ኤልኤንቢዋ ራሷ ተቃጥላለች።

ግማሹ ቻናል ብቻ ሲጠፋስ? የእኔ ቤት ጉዳይ ይሄ ነበር። 13 ቮልት ሲሄድ ኤልኤንቢዋ ቨርቲካል የሚባሉትን ትይዛለች፣ 18 ሲሄድ ሆሪዞንታሉን። ገመዱ ዝጎ ወይም ረዝሞ 18ቱ ተዳክሞ ከደረሰ ሆሪዞንታሎቹ ይጠፋሉ፣ ሌሎቹ ጥርት ብለው ይቀጥላሉ። ዲሹ ዞሮ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ላይ ይታይ ነበር። አንድ ቻናል ብቻ ከጠፋ ደግሞ ፍሪኩዌንሲ ቀይሮ ሊሆን ስለሚችል አዲሱን አስገብታችሁ ሰርች አድርጉ።

ኮኔክተሩን ለማየት መጀመሪያ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። ሳትነቅሉ ከፈታችሁት መሃል ያለችው መዳብ ከዙሪያዋ ሽቦ ጋር ተነካክታ ሪሲቨሩን ልታቃጥል ትችላለች። ከዛ ፍቱትና እዩ። መዳቧ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነች፣ ውስጡ እርጥበት ካለ፣ የተበላሸውን ያህል ቆርጣችሁ አዲስ ኮኔክተር ግጠሙ። ከዙሪያው ሽቦ አንዲት ክር እንኳ መዳቧን እንዳትነካ። ስትጨርሱ በፕላስተር ጠቅልሉት፣ ገመዱንም ከኤልኤንቢዋ ስር ወደ ታች ለጠጥ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ውሃው እዛ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

ስትሬንዝ ሞልቶ ኳሊቲ ከሌለና ፍሪኩዌንሲውም ትክክል ከሆነ፣ አሁን ዲሹን መጠርጠር ትችላላችሁ። ያኔም አካባቢውን ቃኙ። ከአዲስ አበባ ናይልሳት ያለው ወደ ምዕራብ፣ ከአድማሱ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው። በዚያ በኩል ከዲሹ 10 ሜትር የሚበልጥ ፎቅ ከ13 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ከተሠራ ሲግናሉን ይከልላል፣ ማዞሩ ዋጋ የለውም። የጎረቤት ባህር ዛፍም ያው ነው። ኢትዮሳት የጀመረበት 57 ዲግሪ ምስራቅ ግን ወደ ደቡብ ምስራቅ፣ 66 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ያን የሚከልል ብዙ አይገኝም።

ማዞር የግድ ከሆነ የቆመበትን በማርከር ምልክት አድርጉ። ሳተላይቱ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ ዲሹን አንድ ዲግሪ ስታንቀሳቅሱ እዚያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትስታላችሁ። ትንሽ አንቀሳቅሱ፣ ጠብቁ፣ ቤት ያለው ሰው በቪዲዮ ኮል ኳሊቲውን ያሳያችሁ። የስልካችሁን ኮምፓስ ጣሪያ ላይ አትመኑት፣ ቆርቆሮው ያሳስተዋል። አቅጣጫውን መሬት ላይ፣ ከብረት ራቅ ብላችሁ ለኩ። ጣሪያው እርጥብ ሲሆን፣ መብረቅ ሲኖር ወይም የመብራት ሽቦ በቅርብ ካለ ግን ጨርሶ አትውጡ። ለአንድ የኳስ ጨዋታ እግር አይሰበርም!

ብልሽት ያልሆኑም አሉ። ዶፍ ሲጥል ጠፍቶ ሲያባራ ከተመለሰ የዝናቡ ጠብታ ሞገዱን እየዋጠው ነው፣ ታገሱት። በካፊያ ብቻ ከጠፋ ግን ኳሊቲው ድሮም ጠርዝ ላይ ነበር ማለት ነው። ሌላው ደግሞ በመስቀል ሰሞን እና በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንታት የሚመጣው ነው። ፀሐይ በቀጥታ ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምታልፍ ለተወሰኑ ቀናት፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ሲግናሉ ይረበሻል። አዲስ አበባ ላይ ናይልሳትን የሚነካው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ፣ 57 ዲግሪውን ደግሞ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ያን ሰዓት ዲሽ ሰሪ ብትጠሩ እሱ እስኪደርስ ቴሌቪዥኑ ራሱ ተመልሶ ይጠብቀዋል።