ውሃ ዕቃን ወደ ላይ የሚገፋው ለምንድን ነው?

በመስታወት ጆግ ግማሽ ሊትር ውሃ ይቅዱና አንድ ጥሬ እንቁላል ቀስ ብለው ያስገቡበት። እንቁላሉ የሰሞኑ ከሆነ ወርዶ ጆጉ ግርጌ ላይ ጋደም ይላል። አራት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምረው እስኪሟሟ ድረስ እንቁላሉን ሳይነኩ ያማስሉ። ጥቂት ቆይቶ እንቁላሉ ይነቃነቃል፤ ከዚያም ከግርጌው ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣና ጫፉ ከውሃው በላይ ብቅ ይላል። እንቁላሉ ያው እንቁላል ነው፤ የተለወጠው ውሃው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። እንቁላሉ 55 ግራም ይመዝናል፣ የሚይዘው ቦታ ደግሞ 51 ሚሊ ሊትር ነው እንበል። ውሃ ውስጥ ሲገባ 51 ሚሊ ሊትር ውሃ ቦታውን ይለቅለታል። የዚያ ውሃ ክብደት 51 ግራም ስለሆነ ውሃው እንቁላሉን ወደ ላይ የሚደግፈው 51 ግራም በሚያህል ኃይል ነው። 4 ግራም ጎደለ፤ እንቁላሉ ሰመጠ። ጨው የጠገበው ውሃ ግን በዚያው 51 ሚሊ ሊትር ከ55 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ስለዚህ እንቁላሉን ይሸከመዋል። ይህን ሕግ ከ2,200 ዓመታት በፊት በሲሲሊ ደሴት፣ በሲራኩስ ከተማ ይኖር የነበረው አርኪሜድስ ጽፎታል።

ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ሕጉን ሸምድደን አልፈናል። ሕጉ ግን የሚነግረን የግፊያውን መጠን ነው። ውሃ ምን አግኝቶ ነው ወደ ላይ የሚገፋው? ለእኔ ከሕጉ ይልቅ የሚያስደንቀው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ ማንም ልጅ ሳይሰማው ባያድግ ደስ ይለኛል።

መጋዘን ውስጥ ጆንያ በጆንያ ላይ ሲደረደር፣ ከሁሉ በታች ያለው የሌሎቹን ሁሉ ክብደት ይሸከማል። ውሃም እንዲሁ ነው፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ከላይ የተጫነው ውሃ ይበዛል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ውሃ ግን ፈሳሽ ስለሆነ የተጫነበትን ወደ ታች ብቻ አያስተላልፍም፤ ወደ ጎንም ወደ ላይም በእኩል ይገፋል። እንቁላሉን ከግራና ከቀኝ የሚገፋው ኃይል እርስ በርሱ ይጣፋል። የላይኛውና የታችኛው ግን አይተካከሉም፤ የእንቁላሉ ሆድ ከጀርባው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጠልቋልና ከታች የሚመጣው ግፊያ ይበልጣል። ነገሩ ይኸው ነው። ወደ ላይ የሚያነሣ ሌላ የተለየ ኃይል የለም፤ ያለው የሁለቱ ግፊያዎች ልዩነት ነው።

ማስረጃው እዚያው ማዕድ ቤት ይገኛል። የዕቃ ማጠቢያውን ሲንክ በውታፉ ደፍነው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይሙሉበት። ውታፉ ቀላል ፕላስቲክ ሆኖ ለብቻው ሲለቁት የሚንሳፈፍ ቢሆን እንኳ ቀዳዳው ላይ ከተቀመጠ በኋላ በራሱ አይነሣም። ከሥሩ ያለው የቧንቧው አየር እንጂ ውሃ አይደለም፤ ከታች የሚገፋው ውሃ ከሌለ ደግሞ የሚያነሣው የለም። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክብ ውታፍ ከላይ የሚጫነው ውሃ ሩብ ኪሎ ያህላል። ሲነቅሉት እጅዎ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ውሃ ከሥሩ ሲገባ ግን ወዲያው ይቀላል።

ከጉድጓድ ውሃ የቀዳ ሰውም ይህን በገመዱ ያውቀዋል። ሞልቶ የጠለቀ ባልዲ ውሃው ውስጥ እስካለ ድረስ ቀላል ነው፤ በውስጡ ያለውን ውሃ በዙሪያው ያለው ውሃ ይደግፈዋልና። አፉ ከውሃው ወጥቶ ግርጌው ሊላቀቅ ሲል ክብደቱ ሁሉ ገመዱ ላይ ያርፋል።

ግፊት በጥልቀት የሚወሰን መሆኑ ለሮቶ ገዢዎች የገንዘብ ጉዳይ ነው። የሻወሩ ውሃ ደካማ ሲሆን ትልቅ ሮቶ ለመግዛት የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። 1,000 ሊትር የሚይዘውም 5,000 ሊትር የሚይዘውም የውሃው ከፍታ እኩል እስከሆነ ድረስ ሻወሩ ላይ የሚያደርሱት ግፊት አንድ ነው። ትልቁ ውሃው ቶሎ እንዳያልቅ ያደርጋል እንጂ አያበረታውም። የሚያበረታው ሮቶው የተቀመጠበትን ማማ ከፍ ማድረግ ነው፤ ሻወሩ ከውሃው 2 ሜትር ዝቅ ብሎ ከነበረ፣ 4 ሜትር ዝቅ ሲል ግፊቱ በእጥፍ ይጨምራል።

ወደ እንቁላሉ ልመለስ። ጨው ሳይጨመርበት የሚንሳፈፍ እንቁላል የቆየ ነው። ቅርፊቱ በዓይን የማይለዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት፤ በእነርሱ በኩል እርጥበት ቀስ በቀስ ይወጣል፣ በሰፊው ጫፍ ያለው የአየር ክፍተት ደግሞ ያድጋል። ቅርፊቱ አይጠብምና የሚይዘው ቦታ ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ይቀንሳል። መሐል ዕድሜ ላይ ያለው ግርጌው ላይ ሆኖ ሰፊውን ጫፍ ወደ ላይ ቀና ያደርጋል። የተንሳፈፈ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት ግን አይደለም፤ መቆየቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ለብቻው ሳህን ላይ ሰብሮ ማሽተት ይሻላል።

የብረት መርከብ የሚንሳፈፈው በባዶ ሆዱ ነው፤ ቦታ ይይዛል፣ ክብደቱ ግን ቦታውን ከለቀቀለት ውሃ አይበልጥም። ስለዚህ ከተቀደደና ውሃ ከሞላው ይሰምጣል። የጣና ታንኳ ጥበቡ ሌላ ነው። የምትሠራው ከደንገል ነዶ ነው፤ የደንገሉ ግንድ ውስጡ ለስላሳና አየር የቋጠረ ነው። ውሃ በነዶዎቹ መካከል ቢገባ፣ በላይዋም ቢፈስስ አትሰምጥም፤ የሚያንሳፍፋት እያንዳንዱ ግንድ የያዘው አየር ነውና። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲሳፈርባት 70 ሊትር ተጨማሪ ውሃ ቦታ እስኪለቅላት ድረስ ዝቅ ትላለች፤ ከዚያ ትቆማለች።

ችግሩ ደንገሉ ውሃ መምጠጡ ነው። 30 ሊትር ውሃ አየሩን አስወጥቶ ከገባ፣ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ የምታደርስ ታንኳ 30 ኪሎ ጭነት ቀነሰባት ማለት ነው። ባለታንኳው ጭነቱን እንዳራገፈ ወደ ዳር ጎትቶ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያደርቃት ለዚህ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደንገሉ እየበሰበሰ ማድረቁም ሲያቅተው አዲስ ታንኳ ያሥራል።