የመውጫ በር አይቆለፍም

ታኅሣሥ 22 ቀን 1979 ዓ.ም. በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1986 የመጨረሻ ቀን ነበር። በካሪቢያን ባሕር፣ በፖርቶ ሪኮ ደሴት፣ ሳን ሁዋን ከተማ ውስጥ ኮንዳዶ የሚባል የሆቴሎች ሰፈር አለ፤ ሆቴሎቹ በውቅያኖሱ ዳር ተደርድረዋል። ዱፖንት ፕላዛ ከነዚህ አንዱ ነበር። አዲሱን ዓመት በፀሐይና በባሕር ዳር ለመቀበል የመጡ እንግዶች አርፈውበታል። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲያልፍ የሆቴሉ ካዚኖ፣ ማለትም የቁማር አዳራሹ፣ በሰው ተሞልቶ ነበር።

ከካዚኖው ዝቅ ብሎ በሚገኘው የድግስ አዳራሽ፣ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ የቤት ዕቃ ተከምሮ ነበር። በሆቴሉና በሠራተኞቹ ማኅበር መካከል ክርክሩ ከርሯል፤ የሥራ ውሉ የሚያበቃው በዚያው ዕለት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ሦስት ሠራተኞች በምግብ ማሞቂያ ነዳጅ ክምሩን ለኮሱት። በኋላ ጥፋታቸውን አምነው ረጅም እስራት ተፈርዶባቸዋል። ክብሪቱን የጫሩት እነሱ ናቸው። ያን ያህል ሰው እንዴት ሊሞት ቻለ የሚለው ጥያቄ ግን በእነሱ ፍርድ አያልቅም።

መጀመሪያ የነደደው ካርቶኑ ነው። ከካርቶኑ ወደ ፕላስቲኩ፣ ከፕላስቲኩ ወደ እንጨቱ ተዛመተ። በእንዲህ ያለ እሳት ከክምሩ የሚወጣው ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ ጣራው ሥር ይጠራቀማል። ይህ ጭስ ራሱ ገና ያልነደደ ነዳጅ ነው። ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ እሳቱ እየተቀባበለ መሄዱ ይቀርና በክፍሉ ያለው ሁሉ ባንድ ቅጽበት ይቀጣጠላል። እዚያ የደረሰ ክፍል ውስጥ በሕይወት የሚቆይ ሰው የለም። በዱፖንት ፕላዛ የሆነው ይኸው ነው። አዳራሹን የሞላው እሳት መተላለፊያውን አልፎ፣ ደረጃውን ወጥቶ ካዚኖው ደረሰ። ከተለኮሰ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላውም።

አዳራሹም ሆነ ካዚኖው በሙቀት ተከፍቶ ውኃ የሚረጭ የቧንቧ መስመር አልነበራቸውም። የካዚኖው በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ነበር። ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ወደ በር ሲሮጥ ፊት ያለው ከበሩ ይጣበቃል፤ ከኋላ ያለው ይገፋዋል። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ካልተባለ አይከፈትም፤ በዚያ ግፊያ ወደ ኋላ የሚል የለም። የአደጋ ጊዜ መውጫው ስርቆት ተፈርቶ ተቆልፎ እንደነበርም ተዘግቧል። ሰዎች መስታወት እየሰበሩ ወደ መዋኛው ግቢ ዘለሉ። ወደ ላይ የሸሹትን ሄሊኮፕተሮች ከጣራው ላይ አነሷቸው። 97 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ያለቁት እዚያው ካዚኖው ውስጥ ነው። የቆሰሉት 140 ገደማ ናቸው።

ይህን ታሪክ የሆቴል ሠራተኞችን ሳሠለጥን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። እኔ ራሴ የጀመርሁት በዐረብ አገር፣ በአንድ የባሕር ዳር ሆቴል በክፍል አጽጂነት ነው። እዚያ አለቃዬ አንሶላ ማንጠፍ ከማስተማሯ በፊት ዓይኔን አስጨፍና፣ ግድግዳውን በእጄ እየዳበስሁ እስከ ደረጃው እንድሄድ አደረገችኝ። በጭስ ውስጥ ዓይን ስለማይሠራ እጅ መንገዱን ማወቅ አለበት ትል ነበር። ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ ሠልጣኞቼን ይህንኑ አስደርጋቸዋለሁ።

አዲስ ሆቴል ስገባ ቀድሜ የማየው የጀርባውን ደረጃ ነው። ብዙ ጊዜ የማገኘው ባዶ የቢራ ሳጥን፣ የሠርግ ወንበር፣ ያረጀ ፍራሽ ነው፤ ከሁሉም በታች ደግሞ ሰንሰለትና ቁልፍ። አንድ ባለሆቴልን «ጋሼ፣ ይህ በር ለምን ተቆለፈ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ክፍት ከተተወ እኮ ሂሳብ ሳይከፍሉ በዚያ ይሹለካሉ» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ለሠራተኞቻቸው አሳቢ ናቸው፤ ያልተከፈለ ሂሳብም እውነተኛ ኪሳራ ነው።

እኔም ያን ዕለት ስለ ፓታያ ነገርኋቸው። ፓታያ በታይላንድ ያለች፣ የዓለም ቱሪስት የሚጎርፍባት የባሕር ዳር ከተማ ናት። ሐምሌ 4 ቀን 1989 ዓ.ም. በጆምቲየን ባሕር ዳርቻ በነበረው ሮያል ጆምቲየን ሆቴል፣ ከምድር ቤቱ ቡና ቤት የማብሰያ ጋዝ አፈተለከና ተቀጣጠለ። ሆቴሉ ከአሥር በላይ ፎቆች ነበሩት፤ ውኃ የሚረጭ መስመር ግን አልነበረውም። ጭሱ በደረጃው ሽቅብ ወጣ። ሰዎቹ ወደ መውጫዎቹ ሲሮጡ ተቆልፈው አገኟቸው። የተቆለፉበት ምክንያት ደግሞ እንግዶች ሂሳብ ሳይከፍሉ እንዳይወጡ ተብሎ ነው። 90 ገደማ ሰዎች ሞቱ። ባለሆቴሉ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እና ምን ይሻላል?» አሉ።

መልሱ አለ፤ ከባድም አይደለም። ከውስጥ በደረት ቢገፉት የሚከፈት፣ ከውጭ ግን የማይከፈት በር አለ። ሲከፈት የሚጮህ ደወል ይገጠምለታል፤ ተሹልኮ የሚወጣ ካለ ሪሴፕሽን ድረስ ይሰማል። ሂሳቡም ይጠበቃል፣ ሰውም ይወጣል። ደረጃው ላይ ያለው በር ራሱ የሚዘጋ መሆን አለበት፤ በድንጋይ ወይም በወንበር ተደግፎ ክፍት ከዋለ ጭሱ ፎቁን ሁሉ ይሞላዋል። መዘጋትና መቆለፍ የተለያዩ ናቸው፤ የተዘጋ በር ጭስን ያግዳል፣ የተቆለፈ በር ሰውን ያግዳል።

እንግዳ ሲሆኑ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ማድረግ የሚችሉት አለ። ሻንጣዎን አስቀምጠው ወደ ኮሪደሩ ይመለሱ፤ ከክፍልዎ እስከ ደረጃው ስንት በር እንዳለ ይቁጠሩ። ማታ ጭስ ከሸተተዎ በሩን ከመክፈትዎ በፊት በመዳፍዎ ጀርባ ይንኩት። ካልጋለ፣ ኮሪደሩም የሚያስኬድ ከሆነ ቁልፍዎን ይዘው፣ በሩን ከኋላዎ ዘግተው ይውጡ፤ የተሻለው አየር ወለሉ አጠገብ ነውና ዝቅ ይበሉ። በአሳንሰር አይውረዱ። በሩ ከጋለ ግን አይክፈቱት። የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ይድፈኑ፣ ያሉበትን ክፍል ቁጥር በስልክ ያሳውቁ፣ በመስኮት ምልክት ይስጡ። በሆቴል እሳት አብዛኛውን ሰው የሚገድለው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው፤ ጥቂት ትንፋሽ ብቻ አእምሮን ያደክማል።

ባለሆቴል ሁሉ በራሱ ጊዜ ይነቃል ብሎ መጠበቅ ግን አይበቃም። ከዱፖንት ፕላዛ ቃጠሎ በኋላ ፖርቶ ሪኮን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ መንግሥት ያደረገውን አስቡት። በ1990፣ በእኛ 1983 መባቻ ላይ በወጣው ሕግ፣ የፌዴራል ሠራተኞች ለሥራ ሲጓዙ በየክፍሉ የጭስ ጠቋሚ ያለበት፣ ከሦስት ፎቅ በላይ ከሆነም ውኃ የሚረጭ መስመር የተዘረጋበት ሆቴል እንዲመርጡ ተደረገ። የእነዚህ ሆቴሎች ስም ዝርዝር ተዘጋጀ፤ የመንግሥት ገንዘብም ወደዚያ እንዲያዘነብል ሆነ። የመንግሥትን እንግዳ ማጣት የማይፈልግ ባለሆቴል የሚያወጣው ወጪ ትርፉ ታየው።

ይህ ጉልበት በእኛም እጅ አለ። በሐዋሳ፣ በቢሾፍቱ፣ በባሕር ዳር፣ በአዳማ አዳራሽ የሚሞላው በአብዛኛው በመሥሪያ ቤትና በድርጅት ሥልጠና ነው። አዳራሽ የሚከራየው ባለሙያ የፕሮጀክተሩን፣ የሻይ ሰዓቱን፣ የምሳውን ዓይነት አጣርቶ ይዋዋላል። ከፊርማው በፊት አምስት ደቂቃ ጨምሮ ወደ ጀርባው ደረጃ ይሂድና በሩን ይግፋው። ካልተከፈተ አይፈርም፤ ምክንያቱንም ለባለቤቱ በትሕትና ይንገረው። አንድ ደንበኛ እንዲህ ቢል ባለሆቴሉ ይገረማል። አሥር ደንበኛ ሲል ሰንሰለቱን ያወልቃል።